ቸርኬ አዳማጩ ጋሽ ምትኩ

መርዶ እንዲህ አይነገርም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ "ቤት ነሽ? ማን አለ አብሮሽ?" ይባላል፤ ከዚያ "ትንሽ አሟቸው ነበር" ይከተላል፤ በማግስቱ ሁለት ሦስት ዘመድ ማለዳ ላይ በር ያንኳኳል። የጋሽ ምትኩ ልጅ ሔለን ግን የሥራ ቦታዬ ስልክ ላይ ቀጥ ብላ ደወለችና "ጽጌ፣ አባዬ ሞተ። ዛሬ ጠዋት" አለችኝ። እዚህ ቴክሳስ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ አጭር ነው ብዬ ልተወው ስል፣ "ሶ... ለአንቺ ዙሪያ ጥምጥም መናገር፣ ማለቴ፣ ልክ አይደለም ብዬ ነው" ስትል ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም ነበር።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ የእንጨት መዶሻቸው ሁልጊዜ በሚያስቀምጡበት ቦታ፣ ጠረጴዛው ዳር ላይ አለ። ማንም አላነሳውም።

ጋሽ ምትኩን ያወቅኋቸው ዘጠናዎቹ ከተጋመሱ በኋላ ነው፤ ቴክሳስ፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ውስጥ፣ በመጋዘኖቹ መሀል ባለች አንዲት የቸርኬ መጠገኛና መወልወያ። የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ በመጣሁ በአራተኛው ወር ነበር። የቤቱ ጌታ ዌይን ስድሳን የተሻገረ፣ የጥርስ እንጨት ከአፉ የማይለይ የቴክሳስ ሰው ነው። ደንበኞቹ ሆት ሮድ የሚሉትን ነገር የሚያሽሞነሙኑ ናቸው፤ የሠላሳዎቹን ዘመን አሮጌ መኪና ይገዙና ኮፈኑን አውልቀው፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሞተር ከተውበት፣ እንደ ሙሽራ ኳኩለው እሁድ እሁድ የሚጋልቡ። እኔ የተቀጠርኩት ስልክ ለማንሳት ነው። እሳቸው ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ቴክኒሻን የነበሩ፣ ሱዳንን በእግር ያቋረጡ፣ አጭር፣ ደረቅ፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሽማግሌ ነበሩ።

እንዲህ ዓይነት ፈሪ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌሎቹ ሠራተኞች ቸርኬ ሲያዩ ማብራቱን ነው የሚያዩት፤ እሳቸው አደጋውን። አንድ ቸርኬ ተወልውሎ ከወጣ በኋላ ራቅ ብለው ያዩትና "አሁን ይሄ ላይ አራት ሰው ሊቀመጥ ነው" ይሉ ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሲያሾፉባቸው "ፈሪ ለእናቱ ነው" ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ሄደው የተጠበቀውን ዳዶ እንደገና ያጠብቃሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ትዝ ይለኛል። ዌይን ግድግዳው ላይ አምስት ቸርኬ በተርታ ሰቅሏል። እሳቸው ሰባት ቤት እንደሚቆጥር ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊታቸው ቆሙና ዘር ቆጠሩልኝ።

"ይሄ አያት ነው" አሉኝ፣ የመጀመሪያውን እያሳዩ። "ተራ ብረት። ከባድ፣ ታማኝ፣ መልክ የሌለው። መልኩን በክዳን ይሸፍኑለት ነበር። ይሄ ሁለተኛው የውድድር ሜዳ ልጅ ነው። ተወዳዳሪዎቹ መኪናቸው እንዲቀልላቸው ከማግኒዝየም አሠሩት። ጎረምሶቹ ሜዳ ሄደው አዩት፤ እኛም ለመንገድ ካላሰርን ብለው አገር ይያዝልን አሉ። አንሺው እስቲ።"

አነሳሁት። ያን የሚያህል ነገር እንደዚያ ይቀላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ወደ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

"አየሽ? ላባ ነው። ግን ክፉ ነው። እርጥበት ይበላዋል። ሳይታይ ይሰነጠቃል። እሳት ከያዘው ደግሞ ውኃ ሲደፉበት ይብስበታል። እና ፈሩት። ሦስተኛው ላይ ዙሪያውን ብረት፣ መሀሉን አሉሚኒየም አድርገው አጋቡ። አራተኛው ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ሆነ፤ አምስት ጣት ያለው። ሰው ግን ስሙን አልለቀቀም፤ አሉሚኒየሙንም 'ማግ' ነው የሚለው። ልጅ በአያቱ ስም ሲጠራ አላየሽም?"

"አምስተኛውስ?" አልኳቸው። አምስተኛው እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

"እሱ የዛሬ ልጅ ነው። ከድፍን አሉሚኒየም በኮምፒውተር የተፈለፈለ። ቆንጆ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ገና ምንም አላየም እንጂ።"

ችግሩ ያኔ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሁለተኛውን ፈላጊ መሆኑ ነው። የዛሬው ቸርኬ እንደ ልብ እያለ፣ ወጣትነታቸው የናፈቃቸው ሽማግሌዎች ከየጎተራው ሠላሳ ዓመት የተኛ ማግኒዝየም ቆፍረው ያመጡ ነበር። "ዌይን፣ እንደ ድሮው አድርግልኝ" ይላሉ። ዌይን ዓይኑ እንባ ያቀራል። ጋሽ ምትኩ መዶሻቸውን ያነሳሉ።

ስለዚህ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ጎማ ከመሰካቱ በፊት ቸርኬውን በወፍራም ገመድ ያንጠለጥሉታል። በእንጨት መዶሻ ጣቶቹን አንድ በአንድ መታ ያደርጋሉ። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ይረዝማል፤ ከተሰነጠቀ ያጥራል፣ የተሰነጠቀ ብርጭቆ እንደሚያጥረው። "ጎማ ከተሰካ በኋላ ቸርኬ አይናገርም" ይሉኛል። "የሚናገረውን አሁን ነው የሚናገር።" ከተጠራጠሩ ከሣጥናቸው ቀይ ቀለምና ነጭ ዱቄት ያወጣሉ። ቀዩን ይቀቡታል፣ ይጠብቃሉ፣ ይጠርጉታል፣ ነጩን ይነፉበታል። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ቀይ መልሶ ይተፋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ዌይን ደግሞ የሚጠብቅ ደንበኛ አይወድም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አይደረግም ነበር፤ መጀመሪያ የሚፈርደው ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓታቸው ሃምሳ ማይል ነው። አዲስ የታሰረ ቸርኬ ሃምሳ ማይል ከሄደ በኋላ ዳዶው ይላላል፤ ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ማስጠበቅ አለበት። ይህን ሁሉም ሠራተኛ ይናገራል፣ ማንም ደንበኛ አይሰማም። እሳቸው ግን ያስደውሉኝ ነበር። ደግሞ አደዋወሉም በእኛ ወግ ነው፤ ከሰላምታ በፊት ስለ ቸርኬ መጠየቅ ክልክል።

"መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ልጆቹን ጠይቂ። ውሻ ካለው ውሻውንም።"

"ጋሽ ምትኩ፣ እነሱ እኮ እንዲህ አያውቁም። ቢዚ ናቸው።"

"ስለ ቸርኬው ብቻ ብትጠይቂው 'ፋይን ነው' ብሎ ይዘጋብሻል። ስለ ጤናው ከጠየቅሽው ግን፣ መኪናው ትንሽ እንደሚንቀጠቀጥ ሳያውቀው ይነግርሻል።"

እውነታቸውን ነበር። እነዚያ ባለ ካውቦይ ባርኔጣ ሰዎች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሃያ ደቂቃ ያወሩኛል፤ ከዚያ መኪናቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከስልኩ እየተነሳሁ አጠገባቸው መቆም ጀመርኩ። ቸርኬውን መታ ያደርጉና መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ ያሳርፋሉ፣ ፊቴን ያያሉ። "ምን ይላል?" ይሉኛል። እኔ "ይረዝማል" ወይም "ያጥራል" እላለሁ። እንዲህ ያለ ባለሙያ እኔን ማስተማሩ አኩርቶኝ፣ ለእናቴ በደብዳቤ ጽፌያለሁ።

አንድ ቀን የጠረጴዛው ስልክ ከክርናቸው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ጮኸ። አራት ጊዜ ጮኸ። ጋሽ ምትኩ ቸርኬ እያገላበጡ ነው። ቀና አላሉም። ሮጬ አነሳሁት፣ ከደንበኛው ጋር እያወራሁ እሳቸውን አየሁ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ሲያስተምሩኝ አልነበረም። የአውሮፕላን ሞተር የበላው ጆሯቸው ጨርሶ ሊሄድ ነው፤ የሚያዳምጡት በእኔ ነው።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ለዌይን ብናገር እንጀራቸውን መዝጋት ነው። ለራሳቸው ብናገር አባቴ የሚሆኑ ሰው ፊት "አይሰሙም" ማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ማወቄን ያወቁ ይመስለኛል፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሸ፣ ምክንያቱም ፍርሃታቸው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ነገሩ የደረሰው አንድ ቅዳሜ ነው። ሬይ የሚባል፣ ዩለስ የምትባል ጎረቤት ከተማ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር አራት ማግኒዝየም ቸርኬ አስወልውሎ ሊያሳስር መጣ። በማግስቱ ከሚስቱ ጋር ሳን አንቶኒዮ ሊወርድ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዌይን ሰዓቱን ያያል፣ የጥርሱን እንጨት ያመላልሳል። ጋሽ ምትኩ አንደኛውን መቱ፤ ረዘመ። ሁለተኛውም ረዘመ። ሦስተኛውን መቱና፣ እኔን ሳይጠይቁኝ፣ ለዌይን ጮክ ብለው "ይሄም ጥሩ ነው" አሉ። ቀጥለው ነው ዓይናቸውን ወደ እኔ ያዞሩት።

ድምፁ አጥሮ ነበር። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ። እሳቸው ግን አንዴ ተናግረዋል፤ በአሠሪው ፊት፣ በደንበኛው ፊት። አይደለም ብል ትልቅ ሰው ማዋረድ ነው፤ ያውም ለምን አልሰሙም ይባላል። አዎ በሚል አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። አራተኛው ረዘመ። ጎማው ተሰካ፣ ዳዶው ተጠበቀ፣ ሬይ እጃችንን ጨብጦ አመስግኖ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ዛሬም አልረሳውም። እንደወጣ "ተሳስቼ ይሆናል" አልኩ። አንድ ሰዓት ቆይቼ "ገመዱ ይሆናል ያሳጠረው" አልኩ። ማታ ለሬይ ኮል አደረግኩ፤ የሚያነሳ የለም። መልእክት ተውኩ፤ ግን እዚያም ላይ ፈራሁና "ሰላም ናችሁ ወይ?" ብቻ ብዬ ዘጋሁት። በዓይኔ የሚመጣብኝ ሁሉ የተሰበረ ቸርኬ ነበር።

እሁድ ሲነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጋሽ ምትኩን ፓርኪንጉ ላይ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ በቀስታ "ያ ሦስተኛው ቸርኬ..." አልኩ።

"እህ?"

"ሦስተኛው ቸርኬ! የሬይ!"

"ምን አልሽ?"

ነጠላ የለበሱ ሴቶች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። ኃጢአት በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፤ እሳቸው ግን ሹክሹክታ አይሰሙም። ዓይኔን ጨፍኜ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ። "ድምፁ አጥሮ ነበር! እርስዎ ጥሩ ነው ስላሉ ዋሸሁ! አይሰሙም ጋሽ ምትኩ! እኔ ደግሞ ዋሸሁ!"

 ከሁሉ ነገር የከበደኝ ፊታቸው ነው፤ አልተቆጡም፣ አፈሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣጠፉና "መኪናሽ የታለች?" አሉኝ።

ቤታቸው ጎራ ብለን ሣጥናቸውን ይዘን፣ በ183 አውራ ጎዳና ወደ ዩለስ በረርን። ማለት እኔ በረርኩ፤ እሳቸው ዳሽቦርዱን ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። መንገድ ዳር የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር የሬይ መሆን አለመሆኑን ለማየት ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ሬይ ቤት ስንደርስ የሆት ሮዱ ቦታ ባዶ ነው። ሲሚንቶው ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ብቻ።

ሚስቱ ፀጉሯን በመጠቅለያ እንደጠቀለለች ወጣች። ሻንጣዎቹ በሩ ላይ ተደርድረዋል። "ሬይ? ማለዳ ወጥቷል" አለች። "ሃይዌዩን ይዞ እየዞረ ነው። ያ ሽማግሌ ሃምሳ ማይል ካልሞላ አይጠበቅም አለ ብሎ፣ እሱን ሊሞላ ነው። ከመሄዳችን በፊት ራሱ ሊያጠብቀው።"

ለጋሽ ምትኩ ጮኼ አስተረጎምኩላቸው። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ሰውየው በተሰነጠቀ ቸርኬ ሃይዌይ ላይ የወጣው የእሳቸውን ትእዛዝ ሊፈጽም ነው። ሕይወታቸውን ሙሉ ሰው እንዲሰማቸው የሚለምኑ ሰው፣ ዛሬ የሰማቸው አንድ ሰው ተገኘ።

"አንድ ቀን፣ ድሮ፣ ደብረ ዘይት፣ የሰማሁትን ሳልናገር ቀርቻለሁ" አሉኝ፣ መንገዱን እያዩ። "አለቃዬ ጥሩ ነው ብሎ ነበር።" 

አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ለእኔ አርባ ቀን ነው። ሞተሩ ከሩቅ ሲንጎራጎር የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ክንዳቸውን ጨበጥኩና ፊቴን አይተው ተነሡ። ሬይ ፈገግ ብሎ ገባ። "ማይሉ ሞልቷል!" አለ፣ ሊመሰገን።

ክሪኩን አግብተን አራቱንም አወረድን። ሦስተኛው የቱ እንደነበር አላወቅኩም፤ ሁሉንም አገላብጠው ቀዩን ቀቡ። ጠበቅን። አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ከራሳችን በላይ፣ መስኮቱን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይዞ ሲያልፍ እኔና ሬይ ቀና አልን፤ እሳቸው አላሉም። ሬይ አያቸው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። 

ጠረጉት። ነጩን ነፉ። አንደኛው ነጭ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውም። በተራ ሦስተኛ የነፉበትም ነጭ ነበር፤ መተንፈስ ጀመርኩ። የመጨረሻው ላይ ከቡሎኑ ቀዳዳ አንዲት ቀይ ክር ብቅ አለች። እያየናት ረዘመች፣ ወደ ጣቱ ወጣች፣ ግማሽ ድረስ ሄደች። ሬይ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ ደረጃው ላይ ሆና "ሬይ?" አለች። 

ስንመለስ ጋሽ ምትኩ ሣጥናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ "አንቺ ልጅ" አሉኝ፣ "እኔን አትፍሪኝ። መኪናው ውስጥ ላለው ሰው ፍሪ።" አለቀስኩ። መሪውን በደንብ ያዢ ብለው ተቆጡኝ።

ሰኞ ጠዋት ዌይን ፊት ቆመው እኔን እያስተረጎሙ ጆሯቸው መሄዱን ተናገሩ፤ እንዲያሰናብታቸው ቱታቸውን አጣጥፈው ይዘው ነበር። ዌይን የጥርሱን እንጨት ከአፉ አወጣ። "ከእንግዲህ ቀለሙን ለእያንዳንዱ ቸርኬ እናደርጋለን፣ ማንም ቢጠብቅ ይጠብቅ" አለ። "እሱ ይምታ፣ እሷ ትስማ።" ቱታውን መልሰው ለበሱ። መስሚያ መሣሪያም ተገዛላቸው፤ "ቸርኬውንም ማራገቢያውንም እኩል ያሰማኛል" ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እስኪታመሙ ድረስ ሁለት ዓመት እንዲያ ሠራን፤ እሳቸው መቱ፣ እኔ ተናገርኩ። አንዳንዴ እሳቸው "ጥሩ ነው" ካሉ በኋላ "አይደለም" እላለሁ፤ ያን ቀን ምሳ ይጋብዙኛል።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሔለን ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። ዶክተሩ የሚለውን ለአባቷ የምታስተረጉመው እሷ ነች፤ የምታስተረጉመው ግን ግማሹን ነው። ሳንባቸው እንዳለቀለት ቤተሰቡ ያውቃል፤ እሳቸው 'ኢንፌክሽን' እንደሆነ ነው የተነገራቸው።

"እንዳትነግሪው፣ ፕሊስ" አለችኝ። "አክስቶቼ ሁሉ፣ ኦኬ፣ አንድ ላይ ነው የወሰኑት። ተስፋ ይቆርጣል።"

"እሺ" አልኳት። እውነቴን ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ልነግራቸው አላሰብኩም። ባህላችን ነው፣ ቤተሰቡ ወስኗል፣ እኔ ማን ነኝ?

ገባሁ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የቀረው። ከሰላምታ አልጎደሉም፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ዌይን ጉልበት፣ ስለ ሬይ ውሻ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ "ያ ዶክተር ጀርባዬን በጣቱ ሲመታ አየሁት" አሉ፣ እየሳቁ። "እንደኛ ነው የሚሠራው።" ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። ቀኝ እጃቸውን ከአንሶላው አወጡና በጣታቸው መገጣጠሚያ ደረታቸውን አንዴ፣ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። መዳፋቸውን እዚያው አሳረፉ። ፊቴን አዩ።

"ምን ይላል?"

በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሔለን ከውጭ ነች። ለእሳቸው በቀስታ መናገር አይቻልም። ያ ፓርኪንግ መጣብኝ፣ ያች ቀይ ክር መጣችብኝ። እጃቸውን ያዝኩና፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ጮህኩ።

"ያጥራል፣ ጋሽ ምትኩ! ያጥራል!"

ኮሪደሩ ላይ ሔለን እጇ ላይ የያዘችውን ነገር ስትጥል ሰማሁ። እሳቸው አልሰሙም። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ያን ያህል ጉልበት የቀራቸው አልመሰለኝም ነበር። ለስንት ሳምንት ትከሻቸው ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ በዓይኔ አየሁ።

"ጎሽ" አሉኝ። "ሃምሳ ማይሉ ሞልቷል ማለት ነው። በይ፣ ሳይመሽ የንስሐ አባቴን ጥሪልኝ።"